ቀበና ወንዝ ዳር ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት፦ ቦታ ከመምረጥ እስከ መመዝገብ

አዲስ አበባ ውስጥ ወፍ ለማየት ከተማውን ለቆ መውጣት ግድ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ቀበና ውኃው ቢቆሽሽም፣ ዳርና ዳሩ ላይ የቀሩት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች፣ ድንጋዩና ጭቃው ለብዙ ዓይነት ወፍ ማደሪያና መመገቢያ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የማይገኙ ወፎች ሳይቀሩ እዚህ ይታያሉ። ምሳሌ የምናደርገው ቀበናን ይሁን እንጂ አሠራሩ ለግንፍሌም፣ ለባንተይቀጡም፣ ለትንሹ አቃቂም ያው ነው።

ጀማሪ ወንዙን ተከትሎ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ የሚያየውም የሚበር ጀርባ ብቻ ይሆናል። የከተማ ወፍ ሰው ለምዷል። የቆመ ሰው አያስደነግጠውም፤ ወደ እሱ የሚመጣ ሰው ግን ያስነሣዋል። ስለዚህ ከመቶ ሜትር የማይበልጥ አንድ ቦታ ምረጡ፣ እዚያው ቢያንስ አርባ ደቂቃ ቆዩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አንድ ነገር የሚያግዝ ነው።

ወቅትና ሰዓት

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ነው። በግንቦትና በሰኔ ትቀድማለች፣ በጥር ትዘገያለች። ፀሐይ ከመውጣቷ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ቦታችሁ ላይ ተገኙ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጆሮና የባይኖኩላር ነው፤ ለካሜራ ብርሃኑ ገና ነው። ወንዙ በብዙ ቦታ ሸለቆ ውስጥ ስለሚወርድ ፀሐይ ውኃው ድረስ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ጥሩው የፎቶ ሰዓት በአብዛኛው ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ጥላው ይጠቁራል፤ የወፉ ዓይን በጥላው ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከሞቀ ድንጋይና ኮንክሪት ላይ የሚነሣው የአየር ሞገድ ምስሉን ያሟሟዋል። ይህን ማንኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ምርጥ ጊዜ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት እንግዶች ከአገሬው ወፎች ጋር አብረው ይገኛሉ፤ ውኃውም ስለሚጎድል ድንጋዩ ይወጣል። ክረምት ላይ ግን ወደ ወንዙ ሆድ አትውረዱ። እናንተ የቆማችሁበት ደረቅ ሆኖ እንጦጦ ላይ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ውኃው በድንገት ቡናማ ሆኖ ቅጠልና ጭራሮ መግፋት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትዘገዩ ወደ ላይ ውጡ።

የት መቆም

ቀበና በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚፈስ የብርሃኑ ስሌት ቀላል ነው፦ ጧት በምሥራቁ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፣ ከሰዓት በኋላ በተቃራኒው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን የወፉ ዓይን ውስጥ ነጥብ ብርሃን ይገባል፤ ወፉ ሕያው መስሎ የሚታየው በእሷ ነጥብ ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ይህ ስለሚለወጥ ከመቆማችሁ በፊት የራሳችሁ ጥላ ወዴት እንደወደቀ ተመልከቱ። ጥላው ወደ ወፉ አቅጣጫ ከጠቆመ ቦታው ትክክል ነው።

ጥሩ ቦታ ሦስት ነገር በአንድ ዓይን ዕይታ ውስጥ ያለበት ነው፦ ጥልቀት የሌለው ወራጅ ውኃ ከነድንጋዩ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ እና ቢያንስ አንድ ትልቅ ዛፍ። ዋርካ ወይም ሾላ ከተገኘ፣ በተለይ ፍሬ የያዘ፣ ከዚያ አትራቁ። አዲስ በተሠሩት የወንዝ ዳር መንገዶች ላይ መራመድ ቢመችም በኮንክሪት የተገነባ ዳርና የተከረከመ ሣር ብቻ ያለበት ክፍል የሚይዘው የወፍ ዓይነት ጥቂት ነው። ሣሩ ከአሮጌው ቁጥቋጦ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ፈልጉ።

ድልድይ ላይ መቆም ለማየት ግሩም ነው፣ ለፎቶ ግን ሁለት ችግር አለው። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ወፍ ጀርባ ብቻ ይሆናል። ከባድ መኪና ሲያልፍም ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፤ እጃችሁ ባይሰማውም ረጅም ሌንስ ይሰማዋል። መኪናው አልፎ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቃችሁ አንሱ።

ባይኖኩላር

ለዚህ ሥራ 8 በ42 የሚባለው መጠን ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላቱ ልክ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 በ42 የበለጠ ያቀርባል፤ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየውም ስፍራ ጠባብ ነው። ከ8 በ25 በታች ያሉት ትንንሾቹ በዛፍ ጥላ ሥር ይጨልማሉ። ከውጭ አገር ይዛችሁ የምትመጡ ካላችሁ፣ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ለባይኖኩላር ፈቃድ ሊጠይቅና ዕቃውን ሊይዝ ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ።

ብዙ ሰው ባይኖኩላር «ዓይን ያደክማል» የሚለው ለዓይኑ ሳያስተካክል ስለሚጠቀምበት ነው። አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ መካከለኛውን መዘውር ብቻ ነው የምትነኩት፦

1. መነጽር የማታደርጉ ከሆነ በዓይን በኩል ያለውን ጎማ ወደ ላይ አውጡት፤ የምታደርጉ ከሆነ ወደ ታች መልሱት።
2. ሁለቱን ቱቦ አጥፋችሁ ወይም ዘርግታችሁ፣ ሁለት ክብ መታየቱ ቀርቶ አንድ ክብ እስኪሆን አስተካክሉ።
3. ሃያ ሜትር ያህል የሚርቅ ጽሑፍ ወይም ቅርንጫፍ ምረጡ። የቀኙን መስታወት በእጃችሁ ሸፍናችሁ በመካከለኛው መዘውር ለግራ ዓይን አጥሩት።
4. አሁን የግራውን ሸፍኑ። መካከለኛውን ሳትነኩ በቀኙ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙራችሁ ያንኑ ነገር አጥሩት። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ፤ ቦርሳ ውስጥ ይዞራል።

ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ከወፉ ላይ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ወደ ባይኖኩላሩ ጎንበስ ያለ ሰው ወፉን አጥቶ ቅጠል ሲፈልግ ይቆያል።

ካሜራና ማስተካከያው

ለጀማሪ 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ማንኛውም ካሜራ ይሆናል። ሌንሱ ሳይፈታ ሩቅ ዙም የሚያደርጉት ካሜራዎችም በጥሩ ብርሃን ጥሩ ናቸው። 150–600 ውጤቱ የተሻለ ቢሆንም ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የሁሉን ዓይን ይስባል። ስልክ ብቻ ላላቸው፦ የባይኖኩላሩን የዓይን ጎማ ወደ ታች መልሱ፣ የስልኩን ዋናውን ካሜራ በአንደኛው ዓይን ላይ ግጠሙ፣ ጥቁሩ ክብ እስኪጠፋ በስልኩ ዙም አድርጉ። ባይኖኩላሩን ግንድ ወይም አጥር ላይ አስደግፉት። ወፉን ለይቶ ለማወቅ የሚበቃ ፎቶ ይገኛል።

ካሜራው ላይ የሚከተለውን ከቤት አስተካክላችሁ ውጡ፤ ወንዙ ዳር ጊዜ የለም። ማኑዋል ላይ (ቁጥሩን እናንተ የምትወስኑበት ክፍል) አድርጉትና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ አውቶ ላይ ተዉት፣ ጣሪያውን 6400። ሻተር፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ። አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፣ ሌንሱ እስከሚችለው ድረስ ክፍት፣ አብዛኛውን ጊዜ 5.6 ወይም 6.3። ፎከሱ ተከታታይ፣ ነጥቡ አንድና ትንሽ። ሰፊ የፎከስ ስፍራ ቁጥቋጦ ውስጥ ሁልጊዜ የፊተኛውን ጭራሮ ይይዛል፤ ካሜራው የወፍ ዓይን የሚለይ ከሆነ ግን እሱን ተጠቀሙ። የሚበር ወፍ ለማንሳት ሻተሩን 1/2000 አድርሱት፤ ጥላ ሥር ዝም ብሎ ለተቀመጠ ወፍ 1/250 ይበቃል። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያሳንስ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ማንሳት ከቻላችሁ አንሱ፤ የጠቆረ ላባ ዝርዝር የሚተርፈው እዚያ ውስጥ ነው።

ብርሃን የሚለካው ካሜራው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ካሜራ ሁሉን ነገር ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ነጭ ወፍ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲቆም ያነጣዋል፣ ጥቁር ወፍ በሰማይ ፊት ሲሆን ያጠቁረዋል። ለነጭ ወፍ የብርሃን ማካካሻውን ወደ −1 ዝቅ አድርጉ፣ ሰማይ ከኋላው ላለው ወፍ ወደ +1 ወይም +1.5 ከፍ አድርጉ። አንዳንድ የቆዩ ካሜራዎች ማኑዋል ላይ አውቶ አይኤስኦ ሲሆን ማካካሻ አይቀበሉም፤ እነሱ ላይ ሻተሩን ብቻ እናንተ የምትወስኑበትን ክፍል ተጠቀሙ።

ቤት ገብታችሁ ፎቶው ጥርት ያላለ ሆኖ ካገኛችሁት ዝም ብላችሁ አትሰርዙት፤ አጉልታችሁ ምክንያቱን አንብቡ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተስቦ ከሆነ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል፤ ሻተሩን አፍጥኑ ወይም ክንዳችሁን አስደግፉ። ድንጋዩ ጥርት ብሎ ጭራው ብቻ ከፈዘዘ የተንቀሳቀሰው ወፉ ነው። ከወፉ ፊት ወይም ኋላ ያለ ቅጠል ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። በ1/2000 የተነሡት ሁሉ እንደ ሟሟ ሰም ከሆኑ ግን ጥፋቱ የሞቀ አየር ነው፤ መፍትሔው በማግሥቱ ቀድሞ መምጣት ወይም በጣም መቅረብ ብቻ ነው።

ማንን መጠበቅ

ለመለማመድ የሚሻለው ግሬይ ዋግቴይል ነች፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የምትመጣ ቀጭን እንግዳ። ጀርባዋ ግራጫ፣ ከጭራዋ ሥር ደማቅ ቢጫ፣ ጭራዋ ከቀረው አካሏ ጋር ሲተያይ በጣም ረጅም ነው፤ ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች ታወዛውዘዋለች። ከብት የዋለበት ሣር ላይ ከምትገኘው የሎው ዋግቴይል የሚለያት ግራጫ ጀርባዋና የጭራዋ ርዝመት ነው፤ የዚያችኛዋ ጀርባ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ጭራዋም ያጥራል። ግሬይ ዋግቴይል የራሷ የሆነ የወንዝ ቁራጭ ትይዛለች፣ በዚያ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ዝንብና ትንኝ ትለቅማለች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወደ ጀመረችበት ትመለሳለች። አትከተሏት። ከውኃው መካከል ነጭ ኩስ የተንጠባጠበበትን ድንጋይ ፈልጉ፤ ደጋግማ የምታርፍበት እሱ ነው። ከዚያ ድንጋይ ስምንት ወይም አሥር ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ፣ ፎከሱን ድንጋዩ ላይ አዘጋጁ፣ ጠብቁ። ስትደርስ ሻተሩን ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ተጫኑ፤ ከመካከላቸው ጭራዋ ያረፈበት አንዱ ይገኛል።

በዚያው ጭቃ ላይ ኮመን ሳንድፓይፐር አትጠፋም። ከኋላ አካሏ ብድግ ቁጭ የምትል፣ ቡናማ ጀርባና ነጭ ሆድ ያላት ናት። ምልክቷ የሆዱ ነጭ በክንፏና በደረቷ መካከል እንደ ሽብልቅ ሽቅብ መግባቱ ነው። ስትበር ውኃውን ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ ብላ፣ ክንፏን ገትራ ትሄዳለች። ጀርባዋ ጠቆር ብሎ ስትነሣ ከጭራዋ በላይ ነጭ ከበራ ግን ግሪን ሳንድፓይፐር ናት።

ጎህ ሲቀድ በቡድን ሆነው፣ ሰፈሩን በሚቀሰቅስ ሻካራ ጩኸት በላያችሁ የሚያልፉት ዋትልድ አይቢስ ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የሉም። ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ያለው ትልቅ ነጭ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሣር ላይ ወርደው ረጅሙን ጠማማ ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል ያወጣሉ፤ ቧንቧ የሚያፈስበት እርጥብ ሣር ካለ እዚያ ናቸው። ከሩቅ ጥቁር ይመስላሉ። የጎን ፀሐይ ሲያገኛቸው ትከሻቸው አረንጓዴ ያብረቀርቃል፣ ከምንቃራቸው ሥርም የተንጠለጠለች ቀጭን ቆዳ ትታያለች፤ እሷን ለማንሳት ከወፉ ጎን መሆን ያስፈልጋል።

ሃመርኮፕ ቡናማ ነው፣ ከራሱ ኋላ በተዘረጋው ጉትዬ ምክንያት ጭንቅላቱ መዶሻ ይመስላል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በእግሩ ጭቃውን እያነቃነቀ እንቁራሪት ያድናል። ጎጆው ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል የተከመረ ጭራሮ ሲሆን ወርዱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከተማ ውስጥ ፌስታልና ጨርቅም ይገባበታል። እንዲህ ያለውን ፌስታል ከፎቶው ላይ በኮምፒውተር ማጥፋት ተገቢ አይመስለንም። ወፉ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ፎቶውም ያንን ይናገር።

ከላይ ደግሞ አሞራውን ተመልከቱ። ሁድድ ቨልቸር የሚባለው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ፊቱ ራቁትና ሮዝ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። ስንት እንዳያችሁ መቁጠር ከፎቶው እኩል ዋጋ አለው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ከልክ በላይ የወፈረው ቁራ፣ አንገቱ ኋላ ነጭ ቀለበት ያለው የድልድይና የሕንፃ ርግብ ሁለቱም የደጋችን ልጆች ናቸው። ኮርች ወይም ራስ ክምር ካበበ ታካዜ ሰንበርድን ጠብቁ፤ ወንዱ በጥላ ጥቁር፣ በፀሐይ ሐምራዊ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ያገኘውን አበባ ብቻ መርጣችሁ ፎከስ አድርጉ። ቁጥቋጦው ሥር ጨለም ባለበት፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ቅንድቡ ነጭ የሆነው ሩፔልስ ሮቢን ቻት ማለዳና ምሽት ብቅ ይላል።

መቅረብ ካስፈለገ

በቀጥታ አትሂዱ። በሰያፍ፣ ወፉን ሳታዩ እንደምታልፉ ሆናችሁ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ። ወፉ መብላቱን ካቆመ፣ አንገቱን ካሰገገ ወይም ክንፉን ካላቀቀ፣ ገደቡ ላይ ደርሳችኋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። መልሶ መብላት ከጀመረ ከዚያ ርቀት በልባችሁ ሙሉ አንሱ። ዝቅ ብሎ መቀመጥ ወፉን ያረጋጋል፣ ከኋላው ያለውንም ቆሻሻ ያርቅና ያደበዝዛል። ከኋላው ቢጫ ጀሪካን ካለ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መውሰድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጎጆ ላይ ያለን ወፍ አትጠጉ፣ ፎቶ እንዲመች ብላችሁም ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ የከለለውን ቅጠል ስታነሡ ጎጆውን ለቁራና ለጭልፊት ታሳያላችሁ። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትም አይገባም፦ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጫጩቶቹን ትቶ ይመጣል።

ሰው፣ ጥበቃ፣ ጤና

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥብ፣ የሚታጠብ፣ አትክልት የሚያጠጣ ሰው አለ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ፤ ወፍ ነው የማነሳው» ማለት ብዙ ጥርጣሬ ያርቃል፤ የተነሣውን ወፍ በስክሪኑ ማሳየት ደግሞ ወዳጅ ያተርፋል። አይቢሶቹ የት እንደሚያድሩ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ሌንስ ወደ ኤምባሲ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ መንግሥት ግቢ አታዙሩ፣ አጥሩ ላይ ወፍ ቢያርፍም። ጥበቃ ከጠየቃችሁ አትከራከሩ፤ የዕለቱን ፎቶ አሳዩና ቦታ ቀይሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም፣ ወፍንም ያስደነግጣል። ብቻችሁን አትውረዱ፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው አካባቢውን ይጠብቅ።

ውኃው የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ነው። ቡት ጫማ አድርጉ፣ ቦርሳ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ እጅ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ዓይንም አትንኩ። የካሜራ ማንጠልጠያ ውኃው ውስጥ ከገባ በሳሙና ይታጠብ።

መመዝገብ

ያያችሁትን እዚያው ጻፉ፦ ቀን፣ የጀመራችሁበት ሰዓት፣ የቆያችሁበት ደቂቃ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት። ኢበርድ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ለዚህ ምቹ ነው፤ ከ30 ሜትር በላይ ካልተንቀሳቀሳችሁ «በአንድ ቦታ የቆመ» ብሎ ይመዘግበዋል፣ አንድ ቦታ ሆኖ መጠበቅም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ያልለያችሁትን ወፍ በግምት አትሙሉ፤ ሜርሊን የተባለው መተግበሪያ ከፎቶ ስም ይጠቁማል፣ ጥቆማውን ግን ከመስክ መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ።

እኛ ጋ ብቻ የሚደርስ ስህተት አለ። ከማስታወሻ ደብተር ወደ ኢበርድ ስትገለብጡ ጧት 1 ሰዓት ከ20 ብላችሁ የጻፋችሁትን 1:20 ብላችሁ ካስገባችሁት፣ ሥርዓቱ የሚረዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን፣ በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ከ20 የሆነውን ነው። ስድስት ሰዓት ጨምራችሁ 7:20 ብላችሁ አስገቡ። ቀኑንም አስተካክሉ፦ ጥር 10 ማለት ጃንዋሪ 18 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት በሚቀጥለው ዓመት ግን 19። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። የካሜራውን ሰዓት ደግሞ ከስልካችሁ ጋር አንድ አድርጉ፤ ፎቶዎቹን ከዝርዝሩ ጋር ስታዛምዱ የትኛው በየትኛው ቀን እንደተነሣ የሚነግራችሁ እሱ ነው።